የመሪ ገመናና የሕዝብ እንጀራ



ስለ አሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ትዳርና ልጆች የማያወራ ወጣት ዛሬ ቆቦ ላይ ማግኘት ይከብዳል። ስልኩን የከፈተ ሁሉ ማን ስንት ጊዜ እንዳገባ፣ የማን ልጅ በሱስ እንደተያዘ፣ የማን ሚስት በካሜራ ፊት ፊቷን እንዳዞረች ያውቃል። ጨዋታው ከዚያ ወደ አገራችን መሪዎች ይሻገራል፤ ቆይቶም ወደ ወረዳው ኃላፊና ወደ መጋቢው ቤት ይወርዳል። ሐሜት ኃጢአት ነው ብሎ ነገሩን በአንድ ቃል መዝጋት ይቻላል። ነገር ግን ከሐሜቱ በስተጀርባ አንድ እውነተኛ ጥያቄ አለ፤ እርሱን አብረን እናስብበት። የመሪ የግል ሕይወት እኛን ይመለከተናል ወይስ አይመለከተንም?

ሁለት የተዘጋጁ መልሶች አሉ። አንደኛው የቀድሞው ዘመን መልስ ነው፤ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»። ሁለተኛው የእኛ ዘመን መልስ ነው፤ ሥልጣን የያዘ ሰው ገመና የለውም፣ ትዳሩም ማዕዱም ልጆቹም የሕዝብ ናቸው ይላል። የመጀመሪያው ድሃውን አፍ ያስይዘዋል። ሁለተኛው ደግሞ የሰው ቁስል እያዩ መዝናናትን ያስተምረናል።

እኔ የማቀርብላችሁ መለኪያ ቀላል ነው። በመሪው ቤት የሆነው ነገር የሌላ ሰው ቤት ገብቷል ወይ? ከገባ መጠየቅ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው። ካልገባ ግን ገመና ነው፤ ገመና ደግሞ ይሸፈናል።

መለኪያውን በጥቂት ምሳሌ እንፈትነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ እ.ኤ.አ. በ1924 የ16 ዓመት ልጃቸውን አጡ። ልጁ ቴኒስ ሲጫወት እግሩ ላይ ውኃ ቋጠረ፣ ቁስሉ መረቀዘ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተ። በዚህ ላይ የሚጠየቅ ነገር የለም፤ ሐዘን ነው። ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ግን እ.ኤ.አ. በ1919 በስትሮክ ሲመቱ፣ ባለቤታቸው ማን ገብቶ እንደሚያያቸውና የትኛው ወረቀት እንደሚቀርብላቸው ይወስኑ ጀመር፤ ሕዝቡ የሕመሙን ክብደት አላወቀም። ይህ የአንድ ቤት ሕመም ሆኖ አልቀረም፤ የአገር ጉዳይ ሆነ። እኛም ዘንድ ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ከሕዝብ ተደብቆ ነበር።

የፕሬዚዳንት ክሊንተን ነገር ሁለቱንም በአንድ ላይ ይዟል። ዝሙቱ በእግዚአብሔርና በሚስታቸው ፊት ኃጢአት ነው፤ ቀላል አንለውም። እ.ኤ.አ. በ1998 በምክር ቤት የተከሰሱት ግን በመሐላ ሥር ዋሽተዋል፣ የፍትሕን ሥራ አደናቅፈዋል ተብለው ነው። በመሐላ መዋሸት የእያንዳንዱን ዜጋ ቤት ይነካል። ዓለም ግን መሐላውን ትቶ መኝታ ቤቱን አወራ። ለዓመታት የተሣቀባትም የሃያ ምናምን ዓመት ወጣት ነበረች። ሐሜት ሲጀምር ወደ ኃያሉ ይወረውራል፤ ሲያርፍ ግን ደካማው ላይ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ እንምጣ። በዚህ ጥያቄ ላይ የዐፄ ኃይለ ሥላሴን ቤተሰብ ያህል የሚያስተምረን የለም፤ ታሪኩም እየዞረ ወደ ወሎ ይመለሳል።

እቴጌ መነን አስፋው የአምባሰሉ ጃንጥራር ልጅ፣ የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ነበሩ። ተፈሪ መኮንንን በ1903 ዓ.ም. አገቡ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የእናታቸው ወንድም ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ባላቸው አልጋ ወራሽ ሆኑ። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ አያታቸው ንጉሥ ሚካኤል በሰገሌ ድል ተመተው ተማረኩ፤ ድል ያደረገው የባላቸው ወገን ነው። ባልና ሚስቱ በዚያ ሰሞን ምን ተባብለው እንዳደሩ የሚያውቅ የለም። ማወቅም አይገባንም።

ንጉሠ ነገሥቱ ከሰባት ልጆቻቸው አምስቱ ቀደሟቸው። ልዕልት ሮማነወርቅ በጣሊያን ተማርካ ተወስዳ በ1933 ዓ.ም. በቱሪን ሞተች። ልዕልት ዘነበወርቅ በትግራይ በለጋ ዕድሜዋ ሞተች፤ ባሏ ኋላ ለጣሊያን አደረ። እንግሊዝ አገር ነርስነት የተማረችው ልዕልት ፀሐይ በ1934 ዓ.ም. አረፈች። ልዑል መኮንን በ1949 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሞተ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የካቲት ላይ እቴጌ መነን፣ ሚያዝያ ላይ ልዑል ሣህለ ሥላሴ ተከታትለው አረፉ። ከዞብል ተራራ ሥር ማሽላ የሚያርስ የራያ ገበሬ ይህን ቢሰማ «ለቅሶ ልድረስ» ይላል እንጂ አያወራበትም።

የዚሁ ቤት ማዕድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ተራበ፤ ራያና ቆቦ ክፉኛ ከተጎዱት መካከል ነበሩ። ሹማምንቱ ነገሩን ሸፋፈኑት። ቤተ መንግሥቱ መቼ ሰማ? ሰምቶስ ምን አደረገ? ይህ ጥያቄ ገመና መግለጥ አይደለም፤ ከዚያ ቤት የወጣው ዝምታ የቆቦን ቤቶች ገብቷልና።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ማታ፣ ጥያቄው በቴሌቪዥን መጣ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ የቀረጸው የረሃብ ፊልም ታየ። ደርግ በመሀሉ የቤተ መንግሥት ድግስና ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳይ ምስል አስገብቶበት ነበር። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። ረሃቡም እውነት ነበር፣ ድግሱም እውነት ነበር። ነገር ግን ሁለቱን የቀጠለው እጅ ከተመልካቹ የፈለገው መልስ ሳይሆን ቁጣ ነበር።

ቁጣው ማን ላይ እንዳረፈ ተመልከቱ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚሆኑ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ፤ የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ አንዱ ነበር። ልዕልት ተናኘወርቅና የቤተሰቡ ሴቶች ታሰሩ፤ የተረፉት የተፈቱት በ1980 ዓ.ም. ነው። የአልጋ ወራሹ ልጅ ልዕልት እጅጋየሁ በ1969 ዓ.ም. እስር ላይ እያለች ሞተች። ከእነዚህ ሴቶች ወሎን ያስተዳደረ አንድም አልነበረም። ኃጢአታቸው የዚያ ቤት ልጅ መሆን ብቻ ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለቆቦ እህል አመጣ? መስከረም 1977 ዓ.ም. ያን ፊልም ያሳየው መንግሥት የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድግስ አከበረ። በዚያው ሰሞን ከእኛ በአላማጣ አልፎ፣ ግራካሶን ወጥቶ፣ ኮረም ላይ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። በጥቅምት ማይክል በርክና መሐመድ አሚን ያነሡት ፊልም ለዓለም ያሳየው ያንኑ ኮረምን ነው። የንጉሡን ማዕድ ያወገዘ መንግሥት የራሱን ማዕድ ማየት አልቻለም። ሕዝቡ የሰማው «እነዚያ ክፉ ሰዎች ነበሩ» የሚለውን ነው፤ «ሰው ሲራብ ማን ይጠየቃል?» የሚለው ግን መልስ ሳያገኝ ቀረ። የመሪ ገመና መገለጡ መሪውን ሊጥል ይችላል፤ ጎተራ ግን አይሞላም።

«ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የራሱን ቤት ማስተዳደር የማይችል የእግዚአብሔርን ቤት እንዴት ይጠብቃል ብሎ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ብሏል። ምክሩ ግን ሰው ከመሾሙ በፊት፣ በቅርብ በሚያውቁት ዘንድ እንዲመዘን ነው፤ በሩቅ ሆነን እንድናማ ፈቃድ አይሰጥም። ደግሞም መልካም ትዳር ብቻውን መልካም አገዛዝ አይሆንም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን 50 ዓመት አብረው ኖሩ፤ በዚያው መንግሥት ግን የወሎ ረሃብ ተሸፈነ።

መጽሐፍ ቅዱስ የዳዊትን ቤት እንዴት እንደሚያሳየን አስቡ። ነቢዩ ናታን የመጣው የኦርዮ ቤት ስለተደፈረ ነው፤ የተናገረውም ለዳዊት ለራሱ፣ ፊት ለፊት ነው። ዳዊት ለአቤሴሎም ሲያለቅስ ልቅሶው የአባት ነበር። ልቅሶው ለእርሱ የተዋጋውን ሠራዊት ባሳፈረ ጊዜ ግን ኢዮአብ ወደ ቤት ገብቶ ነገረው። ሁለቱም የተናገሩት ሌላ ሰው ስለተጎዳ ነው። ሁለቱም የተናገሩት ለባለቤቱ ነው።

እንግዲህ ወጣቶች፣ የእርዳታ ስንዴ የሚያድለው ሰው ለዘመዱ ሁለት ጊዜ ከሰፈረ ጠይቁ፣ በስሙ ጠይቁ፣ አትፍሩ። የዚያው ሰው ልጅ ከቤት ወጥታ ከቀረች ግን ዝም በሉ፤ ከቻላችሁ ቤተሰቡን ጎብኙ። የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ሒሳብ ካልቀረበ በጉባኤ ጠይቁ። የመጋቢውን ትዳር ግን ቡና ላይ አታውጡት። ስልካችሁ ላይ የመሪ ልጅ ምስል ሲደርሳችሁ ለሌላ ከመላካችሁ በፊት አንዴ አስቡ። ይህ የማንን ቤት ገብቷል? የማንንም ካልሆነ እናንተ ጋ ይቁም።

ለቡድን ውይይት፦

1. በአካባቢያችሁ «ገመና ነው» ተብሎ የተሸፈነ፣ ነገር ግን ሌላውን ሰው የሚጎዳ ነገር አለ? እንዴትና ለማን ይነገር?

2. የመሪን ልጆች በአባታቸው ጥፋት መቅጣት የሚቀናን ለምንድን ነው?

3. የ66ን እና የ77ን ዘመን ያዩ የቤተሰባችሁን ሽማግሌዎች ጠይቁ፤ በዚያን ጊዜ ማን ምን መጠየቅ ነበረበት ይላሉ?