የአንበርብርን እናት ስለ መምረጤ

ከፊልም ገጸ ባሕርያት ማንን ትመርጣለህ ብባል የአንበርብርን እናት እላለሁ። በኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ውስጥ ያለችውን፣ ወይዘሮ ታከለች በየነ የተጫወቷትን አሮጊት። ምርጫውን ከያዝኩት ቆይቻለሁ፤ ምክንያቱን ግን እስከ ዛሬ አላጠራሁትም። ያገኘሁት ሲመስለኝ አንድ ነገር ይመጣና ይንደዋል። ይህን የምጽፈው ያንን የሚንደውን ነገር ጨክኜ ልየው ብዬ ነው።

በዓለም ላይ ያልነበረ ሰው ይወደዳል ወይ በሚለው ጊዜ አላጠፋም። ይወደዳል። ቃሊቲ ውስጥ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን በቪዲዮ ቤት የህንድ ፊልም እያየን ላደግን ልጆች ይህ ጥያቄ አይደለም። እናቶቻችን ለፊልሟ ህንዳዊት እናት፣ ቋንቋውን ሳይሰሙ፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እያበሱ ያለቅሱላት ነበር። ይህ ይበቃኛል፤ ልለፍ።

ሌሎቹንም አስቤባቸዋለሁ። የዚያው የኃይሌ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ውስጥ መሬቱን ተነጥቆ እብድ የተባለው ከበበ አለ፤ በመጨረሻ ባላባቱን ይገድለዋል። ፊልሙ የተቀረጸው በ1966 ነው፤ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሆነ። ከበበን አደንቀዋለሁ፤ አንድ ቤት አብሬው ማደር ግን አልፈልግም። የ«ድፍረት»ዋ ሂሩት አለች፤ ጠልፎ የደፈራትን ገድላ ፍርድ ቤት የቆመችው ልጅ። ለእሷ የሚሰማኝ ግን ፍቅር ሳይሆን ንዴት ነው፣ ንዴቱም በሌሎች ላይ ነው። የ«ላምብ» ኤፍሬም ደግሞ በጉን እንዳያርዱበት ሲሸሽ አንጀት ይበላል። በ2007 ካን ድረስ የሄደ ፊልም ነው። ልጅ ስለሆነ ግን መውደዱ አያስቸግርም፤ እኔ የምፈልገው የሚያስቸግረኝን ነው።

«ጤዛ»ን ላላየ ሰው ባጭሩ፦ አንበርብር ወጣት ሆኖ ጀርመን ሄዶ ይማራል፤ እንደ ዘመኑ ልጆች ሁሉ አብዮት ያልማል። በደርግ ጊዜ አገሩ ገብቶ ይሠራል፤ ጓደኛው ተስፋዬ በመንጋ ተደብድቦ ይሞታል። ተመልሶ ጀርመን ይሄዳል፤ ዘረኞች ከመስኮት ይወረውሩትና እግሩን ያጣል። ሌሊት እየቃዠ፣ የልጅነቱን ትዝታ እንኳን እየፈለገ በማጣት፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጣና ዳር ወዳለችው መንደሩ ይመጣል። ወታደሮች ልጆችን ለጦርነት ያፍሳሉ፣ ልጆቹ ዋሻ ገብተው ይደበቃሉ። እናቱ ቤት ውስጥ ደግሞ አዛኑ የምትባል ሴት አለች። የገዛ ሕፃኗን የገደለች ናት። መንደሩ ይጸየፋታል። አሮጊቷ አስጠግታታለች።

ፊልሙ በ2000 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት፣ በ2001 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ትልቁን የወርቅ ፈረስ ወሰደ። የተጻፈለት ሁሉ ግን ስለ አንበርብር ነው። ስለ ትውልዱ፣ ስለ ምሁሩ፣ ስለ ስደቱ። ስለ አሮጊቷ የሚነገረው «እናቱ ተቀበለችው» የሚል አንድ ሐረግ ነው።

እዚህ ላይ የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ጽሑፍ መምህሬ ትዝ ይሉኛል። ዋና ገጸ ባሕሪ ይለወጣል፣ የማይለወጥ ግን ማሟያ ነው ይሉን ነበር። በጠመኔው ሰሌዳው ላይ እየጠቆሙ «ማሟያ ነው፣ ጻፉ» ይላሉ፤ እኛም እንጽፋለን። የአንዲት ተማሪ ጓደኛችን ድርሰት ውስጥ አያቷ ዋና ሰው ሆነው ስለተገኙ ከአሥር ሦስት ሰጧት። ይኸው ስንት ዘመን አልፎ ንዴቱ አልለቀቀኝም። አንበርብር በእርግጥ ይለወጣል፤ እየተሰበረ፣ እየተጠገነ። ግን የሚመለስበት ቤት ባይጠብቀው የቱ ጋ ሆኖ ሊለወጥ ነው? አንድ ሰው መለወጥ የሚችለው ሌላ ሰው ሳይለወጥ ስለጠበቀው ከሆነ የጠበቀው ሰው በምን ሒሳብ ነው ማሟያ የሚሆነው?

ይህን ያህሉን ቀደም ብዬም አስቤው ነበር። ጉዳዩ የራሴ የሆነው በወንድሜ ነው።

ወንድሜ በ2006 ከሳውዲ ከተመለሱት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበር። ሲመለስ አይናገርም። ዱዳ አልሆነም፤ ሲጠማው ውሃ ይላል፣ እማዬን «እማዬ» ይላል። የደረሰበትን ግን አይናገርም። እኔ ሐኪም ቤት አልኩ፣ እማዬ ጠበል አለች። ሁለቱም ሆነ። ሐኪሙ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ምን ይሰማሃል?» አለው። ዝም። «ካልነገርከኝ ምን ልርዳህ?» አለና መድኃኒት ጻፈለት። ጠበሉ ቦታ ደግሞ ጥያቄው ለእሱ ሳይሆን ውስጡ አለ ለተባለው ነበር፦ «ማን ነህ? የት ያዝከው?» ሌላው ሲጠመቅ ይጮኻል፣ ይለፈልፋል፤ ወንድሜ አሁንም ዝም። አጥማቂው «ዲዳ መንፈስ ነው» ብለው የሐኪሙን ኪኒን እንዲተው አዘዙ። አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል እንደማይጣሉ በአደባባይ የተናገሩት በ1999 ነው፤ ፓትርያርኩ ያሉት ነገር ከብዙ ዓመት በኋላም እኛ ዘንድ አልደረሰም ነበር ማለት ነው። ሐኪሙም ቢሆን ኪኒኑ ምን እንደሆነ አልነገረንም። ጠይቄው «አንተ ታማሚ ነህ?» አለኝ።

ወንድሜ በ2010 ክረምት በጉበት በሽታ አረፈ። ከዝምታውም፣ ከኪኒኑም፣ ከጠበሉም ጋር የማይገናኝ በሽታ ነው አሉ። ሐኪሙ ነጻ፣ አጥማቂው ነጻ። የበለጠ ያቃጠለኝ ይኼ ነው፤ የምከሰው አጣሁ። ከአርባው በኋላ አንድ ጎረቤት በፍላሽ የሰጠኝን «ጤዛ» ከፈትኩ። ለቀብሩ ያልመጣልኝ እንባ ለአንበርብር እናት መጣ። ለአንበርብር ግን አልመጣም። ለምን?

የመጀመሪያው መልሴ ቀላል ነበር። እሷ መጠለያ የምትሰጠው ማብራሪያ ተቀብላ አይደለም። አዛኑ ለምን እንዳደረገችው አስረድታ፣ አሳምና፣ ተመዝና አልገባችም። ወንድሜን ሁሉም ተናገር አለው፦ ሲመለስ የመዘገበው ሰው፣ ሐኪሙ፣ አጥማቂው፣ እኔም ጭምር። ተናገርና እንርዳህ። እሷ መጀመሪያ መደቡን ታሳያለች፤ ወሬው ቢመጣ ይምጣ፣ ቢቀር ይቅር። ይህን ስጽፍ ደስ ብሎኝ ነበር።

ፊልሙን ግን እንደገና ማየት ነበረብኝ። (ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያለው ቤቴ ውስጥ ፊልሙ መሀል ላይ መብራት ጠፋብኝ።) መብራቱ ሲመጣ ረስቼው የነበረውን አየሁ። ይህችው እናት ልጇን ጠበል ትወስደዋለች። ጋኔን ይዞታል ብላ። ውሃው ሲወርድበት፣ ሲንዘፈዘፍ ይታያል።

እንግዲህ የሚንደኝ ይኼ ነው። አዛኑን ሳትጠይቅ የተቀበለች ሴት የገዛ ልጇን ለሚጠይቁት አሳልፋ ሰጠች።

አልተማረችም፣ ምን ታድርግ እንድል አፌ አይታዘዘኝም። ይህ የመምህሬ ድምፅ ነው። ደግሞም ፊልሙ ውስጥ የተማሩት ምን ሠሩ? በጥናት ክበብ ሲሰዳደቡ፣ አንዱ ሌላውን አድኃሪ ሲል ቆይተው አገር ሲገቡ ተስፋዬ ተገደለ። የዚያን ዘመን ግለ ሂስ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ሰውን መሀል አቁሞ «ውስጥህ ያለውን አውጣ፣ ተናዘዝ» ማለት በካድሬ ሲሆን ሳይንስ፣ በአጥማቂ ሲሆን ኋላ ቀርነት የሚሆንበት ምክንያት ለእኔ አይታየኝም። ስለዚህ እሷን ባለማወቅ አልምራትም። ካጠፋች እንደ አዋቂ አጥፍታለች።

ሁለተኛው መልስ ከእማዬ መጣ። ጠበሉ እንጦጦ ነበር፤ እኛ የከተማዋ ደቡብ ጫፍ፣ እንጦጦ ሰሜኑ ተራራ። መስከረም 2008 ቀላል ባቡሩ ከቃሊቲ እስከ ምኒልክ አደባባይ ሲጀምር በእሱ ይሄዱ ጀመር። እማዬ ስለ ጠበሉ ብዙ አታወራም። ስለ መንገዱ ነው የምታወራው። መስኮት ዳር ትይዝለታለች፤ እሱ ያያል። አንድ ቀን ሳሪስ ላይ «እዚህ ጋ ኳስ እንጫወት ነበር» አላት። ከተመለሰ በኋላ ሳይጠየቅ የተናገረው ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ይኸው ነው። እንግዲህ አልኩ፣ ለእናት ጠበል ማለት ምርመራው ላይሆን ይችላል። አብሮ መሄዱ፣ አብሮ መቀመጡ ይሆናል። የአንበርብርም እናት እንደዚያው ብትሆንስ? ሌላው የሚያየው ውሃውን፣ እሷ የምታየው መንገዱን ቢሆንስ?

ሊያሳምነኝ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ግን አንድ ነገር አለ። ወንድሜ ብርድ ይፈራ ነበር። ማለዳ ላይ ሁለት ሰዎች ክንዱን ይዘውት ነበር ያስገቡት፤ አንድ ጊዜ አብሬ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ። እሺ ብሎ ነበር? ዝም ያለ ሰው እሺ ማለቱ በምን ይታወቃል? አዛኑ በእግሯ መጣች። አንበርብርን ወሰዱት። በእግሩ ለመጣ በር መክፈት አንድ ነገር ነው፤ ክንድ ይዞ ወደ መዳን መጎተት ሌላ ነገር ነው። መንገዱ የቱንም ያህል ቢያምር መድረሻው ላይ የሚጠብቁት ክንድ ያዦች ናቸው። ይህን ማለፍ አልቻልኩም፤ አሁንም አላለፍኩትም።

ሦስተኛ ሙከራ ነበረኝ። አዛኑ የሌላ ሰው ልጅ ናት፣ አንበርብር የራሷ። የሰው ቁስል ሲሆን ሳይነኩ መታገስ ይቻላል፤ የራስ ሲሆን እጅ አያርፍም። እንደዚያ ከሆነ ለአዛኑ ያሳየችው ምሕረት ርካሽ ነው፣ ከሩቅ ስለሆነ ነው የሚል ይመጣብኛል። አይደለም። መንደሩ ፊቱን አዙሮባታል፣ ሌላው ልጇም አኩርፏታል፤ ዋጋ ከፍላበታለች። ስለዚህ ይህም ሙከራ ከግማሽ በላይ አይሄድም።

አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ «አንተ እኮ የመረጥከው እናትህን ነው» አለኝ። ለጥቂት ቀን አመንኩት። ከዚያ ቡና ላይ ስለ አዛኑ ለእማዬ ነገርኳት፤ ፊልም ነው ሳልል፣ እንደ ጎረቤት ወሬ አድርጌ።

«የገዛ ልጇን?» አለች።

«አዎ እማዬ። አንቺ ብትሆኚ ታስጠጊያታለሽ?»

«እግዜር ይማራት። እኔ ቤት ግን አትገባም ልጄ፣ ምን ነካህ?»

እንግዲህ የመረጥኩት እማዬን አይደለም። እማዬ ወንድሜን አንድም ቀን ሳትሰለች ተራራ ድረስ ይዛው ወጥታለች፤ አዛኑን ግን ደጅ ታስቀራለች። እኔስ? እኔ ወንድሜን የወሰድኩት ሐኪም ቤት ነው፤ ለአዛኑም ምናልባት በጎ አድራጎት ድርጅት እፈልግላት ነበር። አሮጊቷ ያደረገችውን እኔም ሆንኩ እማዬ አናደርገውም። የምወዳት እኛን ስለምትመስል ነው የሚለው ስለዚህ ወደቀ። ስለማትመስለን ነው ልል እችላለሁ፤ ግን ጠበሉ ላይ ቁርጥ እኛን ነው የምትመስለው። እዚያው ጋ ደግሞ ነው ያለቀስኩት። የትኛዋን ነው ታዲያ የወደድኩት?

እስካሁን የደረስኩበት ይህ ነው፤ ነገ ልለውጠው እችላለሁ። ጠበሉን ይቅር አልላትም። ይቅር ለማለት የአንበርብር ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እሱም አልተጠየቀም፤ ወንድሜም አልተጠየቀም፣ አሁን ደግሞ ሊጠየቅ አይችልም። በዚህ የተነሳ ምርጫዬን ግን አልቀይርም። መምህሬ ምክንያቱ የማይጠራ ምርጫ ምርጫ አይደለም ይሉኝ ይሆናል፤ ከአሥር ሦስት ይስጡኝ። ከዚህ የጠራ መልስ ያለው ሰው ይጻፈው። አነበዋለሁ፤ እስማማለሁ ግን አልልም።