የጥር 23 ማግስት

ልጆቼ፣ አባቴ ፈረሰኛ ነበሩ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲቋቋም ገና ጎረምሳ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ጥር 23 በመጣ ቁጥር ፈረሳቸው ግላሱን ለብሶ፣ ኮርቻው ተወልውሎ፣ ከሜዳ ሳይቀር ዋለ። ስለ በዓሉ ቀን እናንተም ታውቃላችሁ፤ የአድዋን ፈረሶች ለማሰብ ሰው ሁሉ የሚወጣበት ቀን ነው። በእኔ ልብ የቀረው ግን ማግስቱ ነው። አባቴ በማግስቱ ፈረሱ ላይ አይወጡም። እግሩን ለብ ባለ ውኃ ያጥቡታል፤ ሰኮናውን አንድ በአንድ እያነሱ ያያሉ፤ ጀርባውን ኮርቻው ልጦት እንደሆነ በመዳፋቸው ይዳስሳሉ። ከዚያ ገብስ ያቀርቡለታል። ፈረሱ ከፊት ቀድሞ በዋለበት ዓመትም፣ ከኋላ በቀረበት ዓመትም ይህ ሥራቸው አይለወጥም። ጎረቤት መጥቶ የትናንቱን እያነሣ ሲያሞግሳቸው ወይም ሲያበሽቃቸው ዓይናቸው ከሰኮናው አይነሣም ነበር።

ይህን የምጽፈው ማለዳ ማለዳ በእንጅባራ፣ በአዲስ ቅዳምና በዳንግላ መንገዶች ዳር ስትሮጡ ለማያችሁ ልጆች ነው። ብዙ ዓመት አስተማሪ ሆኜ ኖሬአለሁ፤ የሮጡትንም የተመለሱትንም አይቻለሁ። ስለ ማግስት ልነግራችሁ እፈልጋለሁ።

ከቲሊሊ እንጀምር። ቲሊሊ ከቡሬ ወደ እንጅባራ ስትመጡ መንገዱ መሐል ለሁለት የሚከፍላት ከተማ ናት፤ ብዙዎቻችሁ በአውቶቡስ አልፋችኋታል። የኔው አላምረው የተወለደው እዚያ ነው። ስሙን ስጠይቃችሁ ብዙዎቻችሁ ዝም ትላላችሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል። የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ስለሌለው ብቻ የገዛ አገሩ ልጅ እንዳላየ ሊያልፈው አይገባም።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2011 ዶሃ ላይ 3,000 ሜትር ሮጦ በ7:27.26 አንደኛ ወጣ። ይህ ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ በሜዳችሁ ሞክሩት፦ አንዱን ዙር፣ 400 ሜትሩን፣ ከ60 ሰከንድ በታች ሮጣችሁ ሳታርፉ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ እያላችሁ እስከ ሰባት ተኩል ድረስ። እኔ ተማሪዎቼን አንዷን ዙር ብቻ በ60 ሰከንድ እንዲሮጡ አዝዤ ከአርባ ልጆች ሁለቱ ብቻ ችለዋል። ያን ምሽት ከኋላው ሦስተኛ ሆኖ የገባው ኬንያዊ ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ነበር። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ግማሽ ሰከንድ አይሞላም።

በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012 ፓሪስ ላይ በ5,000 ሜትር ተወዳድሮ በ12:48.77 አራተኛ ሆነ። ደጀን ገብረመስቀል በ12:46.81 ያሸነፈበት፣ ሐጎስ ገብረሕይወት ሁለተኛ የሆነበት ያ ውድድር እስከ ዛሬ ከሚነገርላቸው የ5,000 ሜትር ሩጫዎች አንዱ ነው። ቀነኒሳ በቀለም ነበረበት፤ ከእነሱ ኋላ ገባ። ደጀን፣ ሐጎስና የኔው ሦስቱም በ5,000 ሜትር ለለንደን ኦሊምፒክ ሄዱ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ለንደን የተካሄደው ፍጻሜ እንደ ፓሪሱ አልነበረም። ማንም መምራት አልፈለገም፤ ሁሉም እየተጠባበቀ ዙሩ በዝግታ አለቀ። ሞ ፋራህ ያሸነፈበት ሰዓት 13:41.66 ነው። የኔው ከአምስት ሳምንት በፊት ፓሪስ ላይ ከሮጠው ጋር ብታስተያዩት ከ50 ሰከንድ በላይ የዘገየ! ግን ሩጫው ተጠራቅሞ የመጨረሻው ዙር ላይ ወደቀ፤ ፋራህ ያችን ዙር በ53 ሰከንድ ገደማ ጨረሳት። ደጀን ብር አገኘ። የቲሊሊው ልጅ 12ኛ ሆነ። ፈጣን መሆንና አጨራረስ ማወቅ ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው፤ እናንተ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ኪሎ ሜትር ብቻ ስትቆጥሩ አያለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ ደክሟችሁ ሳለ የመጨረሻዋን 300 ሜትር በሙሉ ጉልበት መሮጥን ተለማመዱ። እግር ዝሎ ሳለ መፍጠንን የምትማሩት እንዲህ ነው።

ሰው ግን 12ኛ ከሆነ በኋላ ምን ያደርጋል? የኔው በሚቀጥለው ዓመት ወደ መም ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 ሮም ላይ 5,000 ሜትሩን አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት በርቀቱ የዳይመንድ ሊግን አጠቃላይ ዋንጫ ወሰደ። ያን ጊዜ የዳይመንድ ሊግ ዋንጫ የአንድ ቀን ነገር አልነበረም፤ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ነጥብ የሚሰበስቡበት፣ ወቅቱን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ መቆየት የሚጠይቅ ውድድር ነበር። ለንደን በአንድ ምሽት የነሣውን ወራት ሙሉ ሠርቶ አገኘው ማለት አይደለም፤ ኦሊምፒክ ኦሊምፒክ ነው፣ ተተኪ የለውም። እኔ የማደንቀው ተመልሶ መሮጡን ነው።

ከሩቅ አገር ደግሞ የማልረሳው አንድ ሰው አለ፤ ሯጭ ሳይሆን የጎልፍ ተጫዋች ነው። ጎልፍን በቴሌቪዥን ያያችሁ እንግዳ አይሁንባችሁ፤ የገና ጨዋታን የምታውቁ ልጆች ናችሁ። እኛ ሩሯን በቆልማማ ዱላ እየመታን ሁላችን በአንድ ላይ እንሻማለን፤ እነሱ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ትንሽ ኳስ መትቶ መትቶ ከሩቅ ጉድጓድ ውስጥ ያስገባል፣ በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ቤን ሆጋን እ.ኤ.አ. በ1912 ቴክሳስ ውስጥ የተወለደ የድኃ ልጅ ነው። አባቱን ያጣው በ9 ዓመቱ ነው። በ11 ዓመቱ የሀብታሞችን የዱላ ከረጢት እየተሸከመ ሳንቲም ይለቅም ጀመር፤ ጨዋታውን የተማረው በዚያ ነው። በ17 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1930፣ ሙያዬ ብሎ ያዘው።

ከዚያስ? ከዚያ አሥር ዓመት ሙሉ ብቻውን አንድም ውድድር አላሸነፈም። ኳሱ ወደ ግራ እየተጠመዘዘ ከሜዳ ይወጣበታል፤ ገንዘቡ አልቆ ወደ ቤቱ የተመለሰበት ጊዜ አለ። ሌሎቹ ተጫውተው ወደ ማረፊያቸው ሲሄዱ እሱ ያንኑ ምት እየደጋገመ ሜዳ ላይ ይመሽበታል። ብቻውን የመጀመሪያውን ድል ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። ከዚያ በኋላ አላቆመም።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1949 በጭጋግ መኪናውን ሲነዳ አውቶቡስ ፊት ለፊት መጣበት። ሚስቱን ለማትረፍ ራሱን በላይዋ ጣለ። ዳሌው፣ የትከሻ አጥንቱ፣ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ፤ ሁለት ወር ያህል ሆስፒታል ተኛ፤ መጫወቱ ቀርቶ በእግሩ መሄዱ ያጠራጥር ነበር። በ16 ወሩ፣ እግሮቹን በፋሻ ጠቅልሎ፣ የአሜሪካ ኦፕንን አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ በአንድ ዓመት ሦስት ታላላቅ ዋንጫዎችን ወሰደ፤ በዕድሜው በድምሩ ዘጠኝ። ሰው የሚያወራው ከአደጋው መነሣቱን ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ያ የአሥር ዓመት ባዶ እጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1934 ወይም በ1937 ማታ ከሜዳ ሲመለስ ነገ እንደሚሳካለት የሚነግረው ማንም አልነበረም።

አንዳንዴ ማግስቱ መንገድ መቀየርን ይጠይቃል። ዶሃ ላይ ከየኔው ኋላ የገባው ኪፕቾጌ እ.ኤ.አ. በ2012 ለለንደን ኦሊምፒክ ከአገሩ ቡድን ውስጥ መግባት አልቻለም። ወደ ጎዳና ሩጫ ዞረ፤ እ.ኤ.አ. በ2016ቱ እና በቶኪዮው ኦሊምፒክ የማራቶን ወርቅ ወሰደ። ፓሪስ ላይ ወደ ኋላ የቀረው ቀነኒሳም በ37 ዓመቱ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:01:41 ሮጠ፤ በጊዜው ከነበረው የዓለም ክብረ ወሰን በ2 ሰከንድ ብቻ ዘገየ። በ5,000 ሜትር ያልተሳካለት ልጅ የሯጭነቱ ነገር እንዳበቃ አትቁጠሩት፤ ርቀቱን ገና አላገኘው ይሆናል።

አሁን የምነግራችሁ ይከብደኛል። አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ ስሙን አልጠራም። አሥረኛ ክፍል ሳለ ወረዳውን ሁሉ ሲቀድም ከሁሉ በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። ትምህርቱን አቋርጦ አዲስ አበባ ሊሄድ ሲነሣ አልከለከልኩትም፤ እንዲያውም ኮራሁ። ክለብ ሊገባ ሞክሮ ሳይሆንለት ቀረ። በሌሊት ተመልሶ ቤት ተደበቀ፤ ወራት ሙሉ ሜዳ አልመጣም፣ ትምህርት ቤትም አልመጣም። እኔ ቤቱ የሄድኩት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። በር ላይ ሲያየኝ አንገቱን ደፋ። የአባቴ ፈረስ ያገኘውን ያህል እንክብካቤ ያ ልጅ ከእኔ አላገኘም፤ በማግስቱ ሰኮናውን ያየለት ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ትምህርታችሁን አታቋርጡ። ማለዳ ሮጦ ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል መግባት ይቻላል፤ ያደረጉትን አይቻለሁ። የእንጅባራ ከፍታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነታችሁ ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛል፤ ይህን ከቤታችሁ ሳትወጡ በነጻ አግኝታችኋል፤ ለመጀመር ሌላ ከተማ አያስፈልግም። አስፋልቱን ትታችሁ ሣሩ ላይ ሩጡ፤ ጉልበት አንዴ ከተጎዳ በቀላሉ አይድንም። ያበረታሃል ብሎ መርፌ ወይም ኪኒን የሚያቀርብላችሁ ሰው ቢመጣ ለወላጆቻችሁ ንገሩ። እናንተ ወላጆችም ሴት ልጃችሁ መሮጥ ስትፈልግ አትከልክሏት፤ ማለዳው ካስፈራችሁ አብራችኋት ውጡ። ጓደኛችሁ ተሸንፎ ሲመለስም በዚያው ሳምንት ቤቱ ሂዱ።

አንድ ደብተርም ያዙ። ጠዋት ስትነሡ የልብ ምታችሁን ቆጥራችሁ ጻፉ፤ እንቅልፋችሁን፣ የሮጣችሁትን፣ ያመማችሁን ቦታ ጻፉ። ከውድድር ማግስት ያለውን ገጽ ባዶ አትተዉት፤ አንደኛ ብትወጡም 12ኛ ብትሆኑም።

እኔ ቅዳሜ ማለዳ ዳንግላ ሜዳው ላይ አለሁ። አሮጌ የእጅ ሰዓቴ ሰከንድ አሁንም በትክክል ይቆጥራል። ያ ተማሪዬም አሁን ይመጣል፤ ለመሮጥ ሳይሆን፣ የትንንሾቹን ዙር ሊቆጥርልኝ። ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ።