የወረቀት አውቶቡስ

ሰው ስለ ሥራው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፤ ስለ ጨዋታው ሲጠየቅ ግን ያፍራል። ሥራህ ምንድን ነው ቢሉት ደረቱን ነፍቶ ይመልሳል፤ ከሥራ በኋላስ ምን ታደርጋለህ ቢሉት፥ መጽሐፍ አነባለሁ ወይም ዘመድ እጠይቃለሁ ብሎ ያልፋል። እኔም ብዙ ዘመን እንዲሁ ስመልስ ኖሬአለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን፥ ማታ ማታ መብራቴን ወደ ጠረጴዛው አስጠግቼ የምሠራው የወረቀት አውቶቡስ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት መግለጽ ይገባኛል። የከተማ አውቶቡስ ርዝመቱ 12 ሜትር፥ ወርዱ 2 ሜትር ተኩል፥ ቁመቱ 3 ሜትር ያህል ነው። ይህን ለ50 ሲያካፍሉት 24፥ 5 እና 6 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። 1 ሜትር ያህል የነበረው ጎማ 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ደግሞ 3 ሳንቲ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጎኑ፥ ጣራው፥ ግንባሩና ጀርባው በአንድ ወፍራም ወረቀት ላይ ተያይዘው ይነደፋሉ፤ በየጠርዙም ሙጫ የሚቀባበት ጠባብ ትርፍ ይተዋል። ወረቀቱ ከመታጠፉ በፊት መታጠፊያው ላይ ማስመሪያ ተደርጎ ቀለሙ ባለቀ እስክሪፕቶ ጠበቅ ተደርጎ ይሰመራል። ይህ ካልተደረገ ወረቀቱ እንደ ፈቀደው ይሰበራል እንጂ አይታጠፍም። ወረቀትም እንደ እንጨት ጭረት አለው፤ ጭረቱን ተከትለው ሲያጥፉት ይታዘዛል፥ ጭረቱን አቋርጠው ሲያጥፉት ግን ይሰነጠቃል። ሙጫ ሲበዛበት ርሶ ይጣመማል፤ ሲያንሰው ይላቀቃል። ቀይ የተቀባ ወረቀት በምላጭ ሲቆረጥ ጠርዙ ነጭ ሆኖ ያስቀይማልና፥ ያን ነጭ መስመር በቀይ እርሳስ ማጥፋት ያስፈልጋል። ፓራውልቱ፥ ቸርኬው፥ ከሾፌሩ መስኮት ወጣ ብሎ የሚንጠለጠለው ስፖኪዮ፥ እያንዳንዱ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ከሁሉም የሚከፋው የመጀመሪያው መታጠፊያ አንድ ሚሊ ሜትር የሳተ እንደሆነ ነው፤ ስሕተቱ ዝም ብሎ ይቆይና በመጨረሻው ቀን ጣራው አልገጥም ሲል ይገለጣል።

በፖላንድ አገር እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ «ማዊ ሞዴላሽ» የሚባል መጽሔት እየተቆረጡ የሚጣበቁ መርከቦችንና አውሮፕላኖችን ለወጣቶች ሲያትም ኖሯል። እኔ ግን የባሕር ሰው አይደለሁም፤ መርከብ ብሠራ የሰው ምኞት መቅዳት ይሆንብኛል። የማውቀውና ያደግሁበት ቀይና ቢጫው የአንበሳ አውቶቡስ ነው። ታሪኩም ቢሆን ለሚያስተውለው ሰው ትንሽ አይደለም። ጣሊያን ከአገራችን ከወጣ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1943፥ ጠላት ትቶአቸው በሄደ ጥቂት የጭነት መኪናዎች ሰው ማመላለስ ተጀመረ። ለጦርነት የመጣ መኪና ገበያተኛና ተማሪ ጭኖ አዲስ አበባን ሲዞር ማየት ለዚያን ጊዜ ሰው ምን መስሎ ይታይ እንደ ነበር ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ቃሉም ራሱ የሚያስደንቅ ነው። «ኦምኒቡስ» በላቲን ቋንቋ «ለሁሉ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1826 ናንት በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ስታኒስላስ ቦድሪ የተባለ ሰው ባቆመው የሕዝብ ሠረገላ ምክንያት ስሙ ተለመደ፤ ኋላ ሰዎች የቃሉን ራስ ቆርጠው ጣሉና ጭራውን «ቡስ» የሚለውን ብቻ አስቀሩ። ከርሱም በፊት፥ እ.ኤ.አ. በ1662፥ ታላቁ ፈላስፋ ብሌዝ ፓስካል ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት፥ በታወቀ መንገድና በታወቀ ሰዓት በአምስት ሶል ሰው የሚያሳፍሩ ሠረገላዎች በፓሪስ እንዲቆሙ አድርጎ ነበር። ነገር ግን የከተማይቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወታደሮችና ሎሌዎች እንዳይሳፈሩ ከለከለ። እንግዲህ «ለሁሉ» የተባለው ነገር ገና ከመነሻው ማን ይቀመጥ፥ ማንስ ይቅር የሚል ጥያቄ ተሳፍሮበት ነበር ማለት ነው።

ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። ዘመዶቼ «ዕድሜህን በወረቀት ጨረስኸው» እያሉ ይወቅሱኛል። እኔም ሙግት አላጣም ነበር። ገበጣ ሲጫወት የሚውለውን ማን ይወቅሰዋል? የባዕድ አገር የእግር ኳስ ቡድን ተሸነፈ ብሎ ራቱን የሚተወውንስ? እያልሁ እመልስ ነበር። ከዚያም አልፌ፥ ይህ ሥራ ሰውን እውነተኛ ያደርጋል እል ነበር። በአፉ የሚዋሽ ሰው ብዙ ነው፤ በማስመሪያና በምላጭ ግን መዋሸት አይቻልም፤ ሚሊ ሜትሩን የሚያከብር ሰው ቃሉንም ያከብራል እያልሁ ለወጣቶች ሳይቀር አስተምር ነበር። አሁን የምጽፈው ይህ ትምህርቴ ሐሰት መሆኑን ስላወቅሁ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ትልቅ አንበሳ ጨረስሁ። ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። በፓራብሬዛውና በመስኮቶቹ ላይ ቀጭን ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ስላለጠፍሁበት ውስጡ ይታያል፤ ስለዚህ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ሠርቼ ነበር፤ የሾፌሩን መሪ፥ ቆሞ የሚሄድ ሰው የሚይዘውን ብረት፥ የበሮቹን ደረጃ ሳይቀር። የእኅቴ ልጅ፥ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፥ ዓይኗን መስኮቱ ላይ ለጥፋ ብዙ ከቆየች በኋላ፥

«ጋሼ፥ ቲኬት የምትቆርጠዋ የት ነው የምትቀመጠው?» አለችኝ።

ረስቼው ነው አልኋት። እርሷም ምንም ሳይመስላት ወደ ጨዋታዋ ሄደች። እኔ ግን በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የቲኬት ቆራጯ ቦታ በኋለኛው በር አጠገብ ነው፤ ሁላችንም የምንገባው በእርሷ ፊት ነው። ሾፌሩን ሳያይ የሚወርድ ተሳፋሪ ብዙ ነው፤ እርሷን ሳያይ የሚገባ ግን የለም። ስፖኪዮውን ያልረሳ ሰው ያን ወንበር እንዴት ይረሳል?

ተማሪ ሳለሁ ነው። አንድ ቀን ማለዳ በግፊያ መካከል አምስት ብር ሰጠሁና የዐሥር ብር መልስ ተቀበልሁ። ቲኬት ቆራጯ ከእኔ በጥቂት ዓመት ብቻ የምትበልጥ ሴት ነበረች። ከኋላዬ የሚገፋው ሰው ብዙ ነበርና ቀና ብላ አላየችኝም። ገንዘቡን በእጄ ውስጥ ስቈጥረው ስሕተቱን ወዲያው ዐወቅሁት፤ አልተናገርሁም። አምስት ብር በዚያን ጊዜ ለድኻ ተማሪ የሁለት ቀን ምሳ ነው። የድርጅቱ ገንዘብ ነው፥ እርሷን ምን ይጎዳታል ብዬ ለራሴ ነገርሁት። ነገር ግን ገንዘብ የሚይዝ ሰው ሁሉ ማታ ሒሳቡን ሲያስረክብ የጎደለውን የሚጠየቀው ራሱ እንደ ሆነ ልቤ ያውቅ ነበር።

በዚህ ብቻ ቢቀር ኖሮ፥ ወጣት ነበርሁ፥ ርቦኝ ነበር ብዬ አልፈው ነበር። የከፋው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ያችን ሴት በዚያው መሥመር ቢያንስ ዐሥር ጊዜ አግኝቻታለሁ። በያንዳንዱ ጊዜ ዝርዝር ሳንቲሜን አስቀድሜ አዘጋጅቼ፥ ፊቴን ወደ መስኮት አዙሬ፥ ቲኬቴን ተቀብዬ አለፍሁ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ከመስመሬ ውጭ በሆነ አውቶቡስ ተሳፍሬ ከሩቅ ፌርማታ በእግሬ ሄጃለሁ። እርሷ ግን ከቶ አላወቀችኝም፤ የምሸሸው ከራሴ ነበር። አምስቱን ብር የወሰድሁት አንድ ጊዜ ነው፤ አለመመለሱን ግን ዐሥር ጊዜ ወሰንሁት። ልማድ እስኪሆንልኝ ድረስ ወሰንሁት፤ ከዚያም ረሳሁት።

ወጣት አንባቢዬ ምናልባት፥ አምስት ብር ምንድን ነው ይል ይሆናል። ዛሬ በአምስት ብር አንድ ስኒ ማኪያቶ አይገኝም፤ ዕዳው በራሱ ቀልጧል ሊለኝም ይችላል። እኔም ይህን ሒሳብ ሞክሬዋለሁ፤ ደስ የሚያሰኝ ሒሳብ ነው። ነገር ግን የገንዘብ መርከስ የሚያሳንሰው በኪሴ ያለውን ብር ነው እንጂ፥ በዚያች ማታ ከደመወዟ የጎደለውን አይደለም። ሌላው መንገድ፥ ለድኻ መጽውትና እርሳው የሚለው ነው። ይህንም አስቤ ተውሁት። በሌላ ሰው ገንዘብ የሚሰጥ ምጽዋት ስሙ ምጽዋት ሊሆን አይችልም፤ ዘኬዎስ ስንኳ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ለበደለው ሰው ነው፤ ለድኾች የሰጠው ሌላ ነው። እርሱ ግን የበደላቸውን ሰዎች ያውቃቸው ነበር።

እኔም ልፈልጋት ሄድሁ። አውቶቡሶች ከሚያድሩበት ግቢ በር ላይ ለቆመው ዘበኛ፥ በዚህ ዘመን በዚህ መሥመር ትሠራ የነበረች አንዲት ቲኬት ቆራጭ እፈልጋለሁ አልሁት። ሰውየው ትሑት ነበር፤ «እሺ ጌታዬ፥ ስሟ ማነው?» አለኝ። ስሟን አላውቅም አልሁት። «ዘመድዎ ናት?» አይደለችም አልሁት። መልኳን ልነግረው ፈለግሁ፤ ያን ጊዜ ነው መልኳን እንደማላስታውስ የተገነዘብሁት። የማስታውሰው እጇን ብቻ ነው፤ ቲኬቱን ከጥራዙ ላይ ፈጠን አድርጋ የምትቀድበትን አውራ ጣቷን። ዘበኛው ሳያሾፍብኝ ይቅርታ ጠይቆ አሰናበተኝ። ፊቴን በሸሸሁ ቁጥር ፊቷንም ሸሽቼ ኖሯል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ባለቤቱ የማይገኝ ዕዳ ምን ይሆናል? አንዳንዱ፥ ባለቤት ከሌለ ዕዳም የለም ይላል፤ ይህ የባለዕዳ አስተሳሰብ ነው። ሌላው፥ ጸጸቱ ራሱ ክፍያ ነው ይላል። ይህ የባሰ ይመስለኛል፤ እኔ ብጸጸት እርሷ ምን ታገኛለች? በጸጸቴ የሚጠቀም ሰው ቢኖር እኔው ነኝ፤ ራሴን የተሻልሁ ሰው አድርጌ ለማየት ይረዳኛልና። እኔ እስካሁን የደረስሁበት፥ እንዲህ ያለው ዕዳ እንዳልተከፈለ ሆኖ በባለዕዳው እጅ መቆየት አለበት የሚለው ነው። ተከፍሏል ብሎ መዝገቡን የሚዘጋ ሁለተኛ ይሰርቃል። ይህ ለአንዳንዱ አንባቢ ጨካኝ ፍርድ ሊመስለው ይችላል፤ እኔም ከዚህ የሚለዝብ አላገኘሁም።

የእጅ ሥራዬንስ ምን ልበለው? ትክክለኛነት እውነተኛ ያደርጋል ያልሁት ፈርሷል። ጎማውን እስከ ሚሊ ሜትር ያከበረ እጅ ያን ወንበር ዘሎ አልፏልና። በወረቀት ላይ መዋሸት አይቻልም ብዬ ነበር፤ ይቻላል፤ የሚዋሸው በሚቆረጠው ሳይሆን በሚቀረው ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1955 ወይዘሮ ሮዛ ፓርክስ በአሜሪካ አገር፥ በሞንትጎመሪ ከተማ፥ ከወንበሬ አልነሣም ባሉ ጊዜ የከተማይቱ ጥቁሮች ለ381 ቀን በአውቶቡስ አልሳፈርም ብለው በእግራቸው ሄዱ። ቁጥሩ 2857 የሆነው ያ አውቶቡስ ብዙ ዓመት በሜዳ ላይ ቆሞ የዕቃ ማኖሪያ ከሆነ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ2001 በሚሺጋን ያለው የሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ገዝቶ አደሰው። አንድ ሰው የዚያን አውቶቡስ አምሳል ቢሠራ፥ ቸርኬውንና ቀለሙን ሁሉ አሟልቶ ወንበሮቹን ቢተው፥ ምን ሠራ እንለዋለን?

ቢሆንም ሥራዬን አልተውሁም፤ ዘመዶቼ ይህን ሲሰሙ ይስቁ ይሆናል። አውቶቡሱን ባልሠራው ኖሮ የቀረ ወንበር መኖሩን የሚጠይቀኝ ሰው አይኖርም ነበር። ጣራውን በምላጭ ቀስ ብዬ ከፍቼ በኋለኛው በር አጠገብ ትንሽ መቀመጫና ከፊቷ የምትሆን ጠረጴዛ አስገባሁ። የእኅቴ ልጅ የሴትዮዋን ምስል ሥላ ቆርጣ አመጣችልኝ፤ ጠጉሯን ረጅም፥ ቀሚሷን ሰማያዊ አድርጋለች፤ ትክክል ይሁን አይሁን የማውቀው ነገር የለምና አላረምሁባትም። ጣራው ሁለተኛ ሲጣበቅ በአንድ በኩል ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ክፍት ቀርቷል፤ መቀመጫውም ሙጫው በዝቶበት ወደ በሩ ዘመም ብሏል። ወፍራም ወረቀት ስገዛ እንደገና እሠራዋለሁ።