ሁለቱ መልእክተኞች

አንድ ባላባት ነበር አሉ። ከገበያው ማዶ ለሚኖረው አማቹ መልእክት በላከ ቁጥር ቃሉ ተበላሽቶ ይደርሳል። መልእክተኛው ውሸታም አይደለም፤ ገበያ መሐል ሲያልፍ የሰማው ሁሉ እየተቀላቀለበት ነው እንጂ። «በሬው ይሸጥ» ተብሎ ተልኮ «በሬው ይሸጥ፣ ጤፍ ተወዷል፣ የእገሌም ልጅ ኮበለለች» ብሎ ቁጭ ይላል። የትኛው የባላባቱ፣ የትኛው የገበያው እንደሆነ አማቹን ግራ ገባው።

ባላባቱ መላ አበጀ። ሁለት ልጆች ጠርቶ ለቀኙ «በሬው ይሸጥ»፣ ለግራው «በሬው አይሸጥ» አለና፣ «ትከሻ ለትከሻ ገጥማችሁ ሂዱ፤ አንዱ የሰማውን ሌላው ሳይሰማ እንዳይቀር» ሲል አዘዘ። ለአማቹ አስቀድሞ ነግሮታል፦ «ሁለቱ የሚስማሙበትን ጣለው፤ የመንገድ ነው። የሚጣረሱበት የእኔ ነው፤ የቀኙን ያዝ።» ልጆቹ ደረሱ። ጤፍ ተወዷል አሉ፣ ሁለቱም። ልጅቷ ኮበለለች አሉ፣ ሁለቱም። በበሬው ላይ ተጣረሱ። በሬው ተሸጠ።

ባላባቱ በመላው ተደስቶ አጥር ለአጥር ከሚጎራበታት ሴትዮ ጨው ሲያስጠይቅም ሁለት ልጅ ይልክ ጀመር። ሴትዮዋ ማመሳከር የሚባል ነገር አታውቅም፤ የቀኙን ሰምታ ጨውን ትሰጣለች፣ ግራውን እንጀራ አብልታ ትሸኛለች። መንገዱ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው፤ በመሐል ወሬ የሚያወራ ቀርቶ የሚያስነጥስ የለም። ሚስቱ «ጌታዬ፣ ለአንድ እፍኝ ጨው ስንት ሰው ሊሰለፍ ነው?» አለችው።

የድምፅ መሣሪያዎችን የሚያገናኘው ባለ ሦስት እግሩ የኤክስኤልአር ገመድ እነዚህ ሁለት ልጆች ናቸው። አንዱ ሽቦ ድምፁን እንዳለ፣ ሌላው ገልብጦ ይዞ ይሄዳል፤ ሦስተኛው እግር የከለላው ነው። ሁለቱ ሽቦዎች ተጠማዝዘው ስለሚሄዱ የመብራቱ የ50 ኸርዝ እምምታ እኩል ያርፍባቸዋል፤ ተቀባዩ አንዱን ከሌላው ሲቀንስ እምምታው ይጠፋል፣ ሙዚቃው ይቀራል። የስልክ መስመር ረጅም መንገድ የሚጓዘውም በዚሁ ዘዴ ነው። ተራው የአርሲኤ ገመድ ግን ብቸኛው መልእክተኛ ነው፤ ከለላው ራሱ የመመለሻ ሽቦም ስለሆነ የሚያመሳክርለት የለም።

ታዲያ ማጫወቻውና አምፕሊፋየሩ አንድ መደርደሪያ ላይ ሆነው ገመዱ ከ2 ሜትር ካልበለጠ፣ ለእኔ አርሲኤ በቂ ነው። «ኤክስኤልአሩ ይበልጣል» ብሎ በጆሮ የሚያስመሰክር ሻጭ ቢገጥማችሁ የድምፁን መጠን መጀመሪያ እኩል ያድርግላችሁ፤ ብዙ መሣሪያዎች በአርሲኤ 2 ቮልት፣ በኤክስኤልአር 4 ቮልት ነው የሚያወጡት። ይህ የ6 ዴሲቤል ልዩነት ነው፣ ጮክ ያለ ድምፅ ደግሞ ለጆሮ ብዙ ጊዜ የተሻለ ይመስላል። ጀርባው ላይ ባለ ሦስት ቀዳዳ መሰኪያ ያለው ሁሉ በእውነት ያመሳክራል ማለትም አይደለም፤ አንዱን ሽቦ ብቻ የሚሰማ፣ እንደ ጨው ሰጪዋ ሴትዮ ያለ አለ።

የራሳቸው አምፕሊፋየር ያላቸው ስፒከሮች ከሳሎኑ ማዶ 10 ሜትር ርቀው ከተቀመጡ፣ ወይም ገመዱ ከመብራት ገመድ ጎን ለጎን ከተዘረጋ ግን ያለ ማመንታት ኤክስኤልአር። በአጭር የአርሲኤ ገመድም እምምታ ከተሰማችሁ፣ ገመድ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለቱን መሣሪያዎች አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ጣጣው የምድር መስመሩ ነው።