ሐራጅና ተመልካቹ

በባሕር ዳር ከተማ በመሥሪያ ቤቶች የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይም ሆነ በ«በኩር» ጋዜጣ ገጾች ዘወትር ከሚነበቡት ጽሑፎች አንዱ የጨረታ ማስታወቂያ ነው። ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ባሉበት ሁኔታ በሐራጅ እንደሚሸጡ ይገልጻል፤ የሰሌዳ ቁጥራቸውን፣ የተሠሩበትን ዘመን፣ የመነሻ ዋጋቸውን፣ ጨረታው የሚካሄድበትን ቀንና ሰዓት ይዘረዝራል። በተባለው ቀን ወደ ስፍራው የሄደ ሰው ግን ማስታወቂያው ያልገለጸውን አንድ ነገር ያያል፤ ይኸውም ሊገዙ ከመጡት ይልቅ ሊያዩ የመጡት መብዛታቸው ነው። ሲፒኦ ያላሠሩ፣ መንጃ ፈቃድ እንኳ የሌላቸው ሰዎች አሮጌ መኪና ሲሸጥ ለማየት ግማሽ ቀን በፀሐይ ይቆማሉ። እኛም ራሳችን ከእነዚህ መካከል እንደምንገኝ ሳንሸሽግ እንናገራለን።

ነገሩ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። በአሜሪካ፣ በአሪዞና ክፍለ ግዛት፣ በስኮትስዴል ከተማ በየዓመቱ በሚደረገው የጥንታዊ መኪናዎች ሐራጅ ሕዝቡ የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ ይታደማል፤ ከታዳሚው አብዛኛው ግን አንድም መኪና ሳይገዛ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በ2014 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 የተሠራ አንድ መርሴዲስ በ135 ሚሊዮን ዩሮ ሲሸጥ ወሬው ዓለምን አዳረሰ። በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ አንድ አሮጌ ፌራሪ በኒውዮርክ ከተማ ከ51 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። ዛሬ የጣና ዳር ወጣት ባጃጁን በጥላ ሥር አቁሞ ይህንኑ በእጅ ስልኩ ያያል።

እንግዲህ ልንጠይቅ የምንወደው ይህን ነው፦ የማንገዛውን ነገር ሲሸጥ ቆመን በማየት የምናገኘው ደስታ ከወዴት ይመጣል? ደስታውስ ከነቀፋ የጸዳ ነውን?

አስቀድመን ደስታውን በጅምላ ልናወግዘው አይገባም፤ መልካም ሥሮች አሉትና። የመጀመሪያው ትዝታ ነው። አሮጌ መኪና ብረት ብቻ አይደለም። «ኤንትሬ» የምንለው የፊያት የጭነት መኪና በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል የዓባይን በረሃ ሲወርድና ሲወጣ ያዩ አባቶች ድምፁን ዛሬም አይረሱትም። «ቮልስ» የምንላት ቮልስዋገንም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ በ1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር ሥራዋ ያበቃ መኪና ናት። ብዙ የከበሩ መኪናዎች የነበሯቸው ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተይዘው የወጡት በዚህችው በቮልስ እንደነበር የማያውቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ አንዲት ቮልስ ለሐራጅ ስትቀርብ ተመልካቹ የሚያየው ያለፈውን የራሱን ዘመን ጭምር ነው።

ሁለተኛው ሥር የፍትሕ ፍቅር ነው። በተለመደው ገበያ የመኪና ዋጋ የሚቆረጠው በደላላ ሹክሹክታ ነው። በሐራጅ ግን ዋጋው የሚነገረው በአደባባይ ነው፤ ባለጸጋውም ድኻውም እኩል ይሰማዋል፤ የበለጠ የሰጠ ይወስዳል። የሰው ልጅ ነገር በግልጽ ሲፈጸም ማየት ይወዳል፤ ይህም በልቡናው የተጻፈው ሕግ ምልክት ነው።

ሦስተኛው ሥር ግን ጥንቃቄ ያሻዋል፤ እርሱም የሕዝብ ግለት ነው። ቅዱስ አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ስለ ወዳጁ ስለ አሊፒዮስ የሚተርከው ታሪክ አለ። ጓደኞቹ በሮም ከተማ ሰው ከሰው ጋር እየተጋደለ ደም ወደሚፈስበት ትርኢት በግድ ወሰዱት። እርሱም ላለማየት ዓይኑን ጨፈነ፤ ነገር ግን ሕዝቡ በአንድነት ሲጮኽ መታገሥ አቃተው፤ ዓይኑን በገለጠ ጊዜም ከሚጮኹት አንዱ ሆነ። ሐራጅ ደም የሚፈስበት ትርኢት አይደለም። ሆኖም ዋጋው ከፍ ባለ ቁጥር አብሮ የሚደነቀው፣ ዝቅ ብሎ ሲቀርም የሚስቀው ሕዝብ፣ የሚሸጠው ንብረት የማን እንደነበረ በቀላሉ ይዘነጋል።

ይህን የምንለው ካየነው ተነሥተን ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት በባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በዕዳ የተያዘች አንዲት ቮልስ ለሐራጅ ቀረበች። ባጃጅ ነጂዎች፣ ተማሪዎች፣ መካኒኮች ከበቧት። አንድ በዕድሜ የገፉ ሾፌር ለወጣቶቹ ሞተሯ ከኋላ እንደሆነ፣ በነፋስ ስለሚቀዘቅዝም ውኃ እንደማትሻ ያስረዱ ነበር። ሁላችንም ደስ ብሎን እናዳምጣለን። ባለዕዳው በበኩሉ ሐራጁ ከመጀመሩ በፊት ቀረብ ብሎ የፊት መስታወቷን አቧራ በጨርቅ ጠረገ፤ ከዚያም ወደ አጥሩ ተመልሶ ቆመ።

እንዲህ ያለች መኪና ዛሬ ርካሽ አይደለችም። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክሏል። በዚህም የተነሣ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋውን ይዞ ይገኛል። በዚያ ቀን ግን ሦስቱ ተጫራቾች አስቀድመው ከዛፍ ሥር ሲነጋገሩ ቆይተው ነበር። ጥሪው በተጀመረ ጊዜ እጁን ያነሣው አንዱ ብቻ ሆነ። ቮልሷም ከመነሻ ዋጋዋ በጥቂት ብር ከፍ ብላ ተሸጠች። ተመሳጥረዋል ብለን በማስረጃ ልንከስ አንችልም፤ ያየነውን ግን አይተናል።

ከዚያ በኋላ ከአዛውንቱ ሾፌር ጋር በሐይቁ ዳር እየሄድን፣ «አባ፣ ይህች መኪና እኮ ከዚህ እጥፍ ታወጣ ነበር» አሉን። «ታዲያ ጋሼ፣ ሲነጋገሩ እንዳዩ ለአስፈጻሚው ለምን አልነገሩም?» ብንላቸው፣ «እኔ ገዥ አይደለሁ፤ ምን አገባኝ?» ብለው መለሱ። ልንወቅሳቸው አልተቻለንም፤ እኛም በልባችን ያንኑ ብለን ዝም ብለናልና።

ይህ ዝምታ ማንን እንደሚጎዳ በቀላል ምሳሌ እንመልከት። በሐራጅ ሽያጭ ከተገኘው ገንዘብ ዕዳው ተከፍሎ የሚተርፈው የባለዕዳው ነው። ዕዳው 100,000 ብር ቢሆንና መኪናው በ300,000 ብር ቢሸጥ፣ ወጪው ሳይታሰብ፣ 200,000 ብር ለባለዕዳው ይመለሳል። ተጫራቾች ተስማምተው በ150,000 ብር ቢያስቀሩት ግን የሚደርሰው 50,000 ብር ብቻ ነው። ባለገንዘቡ ያበደረውን አገኘ፤ ገዥው አተረፈ፤ ተመልካቹም ተዝናንቶ ወደ ቤቱ ገባ። የጎደለው ሁሉ የጎደለው አጥሩን ተደግፎ ከቆመው ሰው ነው። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ አንድን ነገር ከሚገባው ዋጋ በላይ መሸጥም ሆነ ከሚገባው በታች መግዛት በራሱ ፍትሕን የሚቃወም ሥራ እንደሆነ ያስተምራል። የሰውን ችግር እንደ አጋጣሚ ቆጥሮ በርካሽ መግዛት፣ በአደባባይ ስለተፈጸመ ብቻ ቅን ንግድ አይሆንም።

ሥርዓት የተጠበቀበት ሐራጅ ሁሉ ፍትሐዊ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ በዚሁ በክልላችን የሆነውን ያስታውስ። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ አምባ የዘረፈውን ቅርስ በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወሰደ። በዚያም ሁለት ቀን ሐራጅ ተደረገ፤ መኰንኖች ተጫረቱ፤ ለብሪታንያ ቤተ መዘክር የመጣው ሰውም ገዛ፤ ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ጠሪ ነበረ፣ ተጫራች ነበረ፣ ተመልካችም ነበረ። ያልነበረው፣ «ይህ ንብረት የማን ነው?» ብሎ ሽያጩን የሚያስቆም ሰው ነበር።

በአንጻሩ ሐራጅ ለበጎ ሥራ ሊውል ይችላል። በ2010 ዓ.ም. ነፍሰ ኄር ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በስጦታ የቀረበላቸውን የላምቦርጊኒ መኪና ባርከውና ፈርመውበት ለሐራጅ እንዲቀርብ አደረጉ። በሞናኮ በ715,000 ዩሮ ተሸጠ፤ ገንዘቡም በኢራቅ ነነዌ ሜዳ ከቤታቸው የተፈናቀሉትን መልሶ ለማቋቋምና ለሌሎች የምሕረት ሥራዎች እንዲውል ተመደበ። በዚያ ሐራጅ ዋጋው ከፍ ሲል የተደሰተ ተመልካች፣ ደስታው ከተረጂዎቹ ጥቅም ጋር አንድ ነበር። የማንን ትርፍና የማንን ጉዳት እየተመለከተ እንደሚደሰት ያውቅ ነበርና።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ሐሳብ ይህ ነው። ሐራጅ ግልጽ እንዲሆን የተፈለገው ሕዝብ እንዲያየው ነው፤ የሽያጩ ቅንነት በተመልካቹ ዓይን ላይ ያርፋል። ስለሆነም ሳይገዛ የቆመ ሰው ሥራ ፈት አይደለም፤ ቢያውቀውም ባያውቀውም በምስክር ስፍራ ቆሟል። ምስክር ደግሞ ያየውን ሊናገር ይገባዋል። አሮጌ መኪና ማድነቅ፣ ዘመኗን ማስታወስ፣ ስለ ሞተሯ መጨዋወት ነውር የለበትም፤ ባለቤቷን ረስቶ በዋጋዋ ብቻ መደሰት ግን ዓይንን ያደነድናል።

ክቡራን አንባብያን፤ ነገ ከነገ ወዲያ በየሰሌዳው አዲስ የጨረታ ማስታወቂያ መለጠፉ አይቀርም፤ እኛም እንደ ልማዳችን ልናይ እንሄድ ይሆናል። መሄዳችንን አንከለክልም። ነገር ግን ስንደርስ፣ ወደ መኪናው ከመጠጋታችን በፊት፣ አጥሩ አጠገብ የቆመ ሰው እንዳለ እንይ፤ ቀርበንም ሰላምታ እንስጠው። የዋጋውን ጥሪ በጆሯችን እንከታተል። ያልቀና ነገር ብናይ ለአስፈጻሚው በትሕትና እንንገር፤ ባለዕዳውም ወዴት አቤት ሊል እንደሚችል እንጠቁመው። ባለፈው ጊዜ እኛ ይህን አላደረግንም። የዚያ ሰው ቮልስ ተሸጣ ሄዳለች፤ እኛም በዚያ ቀን ዝም በማለታችን ዛሬም እናዝናለን።