ያው ጉድጓድ

አንድ ግመል ነጂ ነበር አሉ። ከድሬዳዋ እህልና ጨርቅ ጭኖ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ሲመለስ ቅቤና ቆዳ ይዞ ይመጣል። መንገዱ ላይ አንድ የደረቀ ወንዝ ነበር። የድሬዳዋ ሰው እንዲህ ያለውን ወንዝ ያውቀዋል፤ የእኛው ደቻቱም እንዲሁ ነው። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ገበያ ይዘረጋበታል። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን በአንድ ሌሊት ሞልቶ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ያደረሰው ሐዘን እስከ ዛሬ ከብዙ ቤት አልወጣም። ጎርፉ ካለፈ በኋላ ደግሞ ውሃው ሁሉ አይሄድም። ከፊሉ አሸዋው ውስጥ ይሰርግና አለት ሲያግደው እዚያው ተኝቶ ይከርማል።

ግመል ነጂው ከአንድ ጠማማ ግራር ትይዩ፣ ከጥቁር ቋጥኝ ሥር ይቆፍራል። ሌላ ቦታ አይሞክርም። ጎርፍ በወረደ ቁጥር ጉድጓዱ ይደፈናል፤ እሱም ተመልሶ ያንኑ ይቆፍራል፤ አንዳንዴ እስከ ክርኑ፣ በጋው ሲጸና እስከ ትከሻው። መጀመሪያ እርጥብ አሸዋ ይወጣል፣ ቀጥሎ ድፍርስ ውሃ፣ ታግሦ ለጠበቀ ደግሞ የጠራው።

አንድ ቀን ልጁ ሰለቸው። «አባ፣ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ይህንኑ አሸዋ ስትቆፍር ነው የማይህ። ከወንዙ በታች አዳዲስ ጉድጓድ ተገኘ ይላሉ። ለምን አንሄድም?»

«ጭነት በሌለን ቀን እንሄዳለን» አለው አባቱ። «ፈልገን ብናጣም አይከፋም። ግመሎቹ ተጠምተው የቆሙ ቀን ግን የማውቀውን ነው የምቆፍረው።»

«ያው ውሃ ደግሞ መቼም አይሰለችህ!»

አባትየው በጣሳ ቀድቶ ሰጠው። «ያውማ አይደለም፣ ልጄ። የአምናውን አምና ጠጥተነዋል። ይህ ከዚያ ወዲህ ተራራው ላይ የዘነበው ነው።»

ዓመታት አለፉ፤ አባት ሞተ። ልጁ ብቻውን ግመሎቹን እየነዳ በአንድ ክፉ በጋ እዚያው ደረሰ። ከግራሩ ትይዩ ተንበርክኮ ቆፈረ። ውሃው ከወትሮው ርቆ ነበር፤ ክንዱ እስከ ብብቱ ገባ። ግን አልተጠራጠረም። አባቱ ከዚያ በጠለቀ ዓመትም ሲያገኘው አይቷል።

እኔ ግመል የለኝም፤ ሦስት ልጆች ግን አሉኝ። ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ ገበያ ደርሼ መመለስ አለብኝ፤ ውሃ በመጣ ቀን ጀሪካኑ ሁሉ መሞላት አለበት፤ ከዚያ ምሳ፣ የደንብ ልብስ፣ የቤት ሥራ። የራሴ ጊዜ የምለው ከሰባት ሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ከተማውን ሁሉ ቤት ሲያስገባው፣ ከማራገቢያው ሥር የማገኛት ግማሽ ሰዓት ናት። እሷም ብትሆን «እማዬ!» በሚል ጥሪ ሦስት አራት ጊዜ ትቆረጣለች። በእንዲህ ያለ ሰዓት አዲስ መጽሐፍ ጀምሬ ማን ማን እንደሆነ ሳልለይ ስንቴ ጥዬዋለሁ። አዲስ መጽሐፍ እንግዳ ነው፤ አረፍ ብለው ሊያስተናግዱት ይገባል። የማውቀውን መጽሐፍ ግን ከየትም ገጽ እከፍተዋለሁ፤ ሲጠሩኝ አስቀምጬው ብነሳም ክሩ አይጠፋብኝም።

የእኔው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ብዙዎቻችን ግን መጀመሪያ ያወቅነው በጆሮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ነው። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች በዚያ ድምፅ ስታለቅስ ትዝ ይለኛል፤ ያኔ ሽንኩርቱ ይመስለኝ ነበር። ሳላገባ ሳነበው ልቤ ከፍቅረኞቹ ከሰብለ ወንጌልና ከበዛብህ ጋር ብቻ ነበር። የበዛብህን ወላጆች፣ ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን፣ ቶሎ ወደ ፍቅሩ ለመድረስ እየዘለልኩ አልፋቸው ነበር። ከወለድኩ በኋላ እዚያው ላይ ቆምኩ። በስተርጅና ያገኙትን አንድ ልጅ እንዲያድግላቸው ለእግዚአብሔር የተሳሉ እናትና አባት! ያ ስለት በኋላ የልጃቸውን ፍቅር እንደሚያስረው አያውቁም፤ እኔ ግን መጨረሻውን እያወቅሁ ነው የማነበው። ገጹ ላይ አንዲት ፊደል አልተጨመረችም። የዘነበው እኔ ላይ ነው።

«ያነበቡትን መድገም ጊዜ ማጥፋት ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። አልስማማም። አዲስ መጽሐፍ ይነበብ፣ ይገዛ፣ ደራሲዎቻችን ከዚያ ነው የሚኖሩት። ቀኑን ሙሉ ለሌላው ስትቀዳ ውላ የደከመች ሴት ግን የማረፊያዋን ውሃ እንደገና እንድትፈልግ አትገደድ። ያ ሐዘን የበዛበት መጽሐፍ እንዴት ያሳርፋል ለሚለኝም፣ የማውቀው ሐዘን አያስደነግጠኝም፤ አብሮኝ ቁጭ ይላል።

ባለፈው ሳምንት ትልቋ ልጄ ከጎኔ ተጋድማ «ደግሞ ይሄንኑ? ምኑ ጋ ደረስሽ?» አለችኝ። ውድነሽ ልጇን የተሳለችበት ጋ ነበርኩ። አንድ ገጽ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ሳልጨርሰው እንቅልፍ ወሰዳት። መጽሐፉ ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘ ነው፤ ከአልጋው ራስጌ፣ ከመስኮቱ በታች ይቀመጣል፤ አሁን እሷም ቦታውን ታውቀዋለች። እናንተም ደግማችሁ የምታነቡት መጽሐፍ ካለ፣ የት እንደሚቀመጥ ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው።