ሕግ የመሬትን ዋጋ ሲቀንስ ዕዳው የማን ነው?

መንግሥት የአንድን ሰው መሬት ለመንገድ ወይም ለትምህርት ቤት ሲወስድ ካሳ መክፈል እንዳለበት ብዙ የሕግ ሥርዓቶች ይስማማሉ፤ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አምስተኛ ማሻሻያም ይህንኑ ይደነግጋል። አስቸጋሪው ጥያቄ የሚነሣው መሬቱ በባለቤቱ እጅ እንዳለ፣ በላዩ ሊሠራ የሚችለውን የሚገድብ ደንብ ወጥቶ የገበያ ዋጋው ሲወርድ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1922 በአንድ የፔንሲልቬንያ የድንጋይ ከሰል ኩባንያ ጉዳይ ላይ፣ ዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ በጻፉት ውሳኔ፣ ከመጠን ያለፈ ደንብ መሬትን እንደ መውሰድ እንደሚቆጠር ቢገልጽም፣ መጠኑ የት ላይ እንደሚታለፍ የሚለካበትን መስፈሪያ አላስቀመጠም።

ይህን ክፍተት በራሱ ድምፅ ሊሞላ የሞከረው የኦሪገን ግዛት ሕዝብ ነው። ኦሪገን እ.ኤ.አ. በ1973፣ በአገረ ገዥው ቶም መኮል ዘመን፣ ባወጣችው ሕግ ከተሞች የሚሰፉበትን ወሰን እንዲያሰምሩ አስገድዳ፣ ከወሰኑ ውጭ ያለው የእርሻና የደን መሬት ለቤት ግንባታ እንዳይሸነሸን ከለከለች። ሕጉ ለሙን የዊላሜት ሸለቆ ከከተማ መስፋፋት ቢታደግም፣ ቀደም ብለው መሬት የገዙና በስተርጅና ከፋፍለው ለመሸጥ ያሰቡ ሰዎችን ግን ተስፋ አሳጣ። የእነርሱ ቅሬታ እ.ኤ.አ. በ2004 በ61 በመቶ ድምፅ የጸደቀውን፣ ሜዠር 37 የተባለውን ሕግ ወለደ። በዚህ ሕግ መሠረት፣ ባለቤቱ ወይም ቤተሰቡ መሬቱን ከያዘ በኋላ የወጣ ደንብ ዋጋውን ከቀነሰው፣ መንግሥት ወይ የጎደለውን ይከፍላል፣ ወይ ባለቤቱን ከደንቡ ነፃ ያደርገዋል፤ ነፃ ማድረግ ማለትም ደንቡ ሳይሻር በዚያ ሰው ላይ ብቻ ተፈጻሚ እንዳይሆን መተው ማለት ነው። ለካሳው የተመደበ ገንዘብ ስላልነበረ፣ ከ6,000 በላይ ከሆኑት ጥያቄዎች መካከል ምላሽ ያገኙት ከሞላ ጎደል ሁሉም በዚህ በሁለተኛው መንገድ ተስተናገዱ።

የባለቤቶቹ መከራከሪያ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። አረንጓዴ ሸለቆ የሕዝብ ሁሉ ጥቅም ከሆነ፣ ወጪውን ጥቂት ገበሬዎችና አዛውንቶች ብቻቸውን ሊሸከሙ አይገባም የሚለው ሐሳብ የፍትሕን ሥር የሚነካ ነው፤ በፈላስፋው በጆን ሎክ መንገድ የሚያስብ ሰውም፣ መንግሥት የቆመው የሰውን ንብረት ለመጠበቅ ከሆነ ያንኑ ንብረት በሕግ ስም ሊሸረሽር አይችልም ይላል። ይሁንና ክርክሩ ሊጠይቀው የሚገባውን አንድ ጥያቄ ይዘለዋል፤ ጠፋ የተባለው ዋጋ ከየት የመጣ ነው? የአንድ ሰው መሬት ከደንቡ ነፃ ሲሆን ዋጋው እጅግ የሚንረው በዙሪያው ያሉት ሁሉ በደንቡ ታስረው ስለሚቀሩ ነው፤ መስኩና ደኑ ሳይነካ በቆየበት ስፍራ ብቻውን ቤት የመሥራት መብት ያገኘ ሰው የሚሸጠው፣ ጎረቤቶቹ ባለመሥራታቸው የተፈጠረውን ውበትና እጥረት ጭምር ነው። ደንቡ ከናካቴው ባይኖር ኖሮ ሁሉም ይሠራ ስለነበር፣ የእርሱም መሬት ያን ያህል ባላወጣ ነበር። ስለዚህ የካሳው ስሌት ደንቡ ያመጣውን ትርፍ እንደ ደንቡ ኪሳራ አድርጎ ቆጥሮታል ማለት ይቻላል።

ከደንብ ነፃ ማድረግ ለመንግሥት ወጪ የሌለው መስሎ መታየቱም ከዚሁ ስሕተት የሚመነጭ ነው። ገንዘብ ከግምጃ ቤት ሲወጣ ወጪው በግብር ከፋዩ ሁሉ ላይ ይከፋፈላል፤ ደንብ ሲተው ግን ክፍያው የሚመጣው በአጥሩ ማዶ ካለው፣ በሕጉ ተማምኖ እርሻውን ካስፋፋው ጎረቤት ነው። ይህ ጎረቤት የመስኖ ውኃው ቢሻማበት ወይም የመሬቱ ዋጋ ቢወርድበት በሜዠር 37 ካሳ የሚጠይቅበት መንገድ አልነበረውም። ጥቂቶች የብዙኃኑን ሸክም አይሸከሙ በሚል መርሕ የተጻፈ ሕግ፣ ሸክሙን ከጥቂቶች ትከሻ አንሥቶ በሌሎች ጥቂቶች ላይ ማሳረፉ ከውስጡ የሚፈርስ ያደርገዋል።

የኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ለዚህ ነገር ያልተጠበቀ ብርሃን ይሰጣል። ምድሪቱ የእግዚአብሔር ስለሆነች ለዘለቄታው አትሸጥም፤ በኢዮቤልዩ ዓመት፣ ማለትም በሃምሳኛው ዓመት፣ እያንዳንዱ ወደ ርስቱ ይመለሳል፤ ሽያጩም የሚተመነው እስከዚያ ዓመት በሚቀሩት የመከር ወቅቶች ቁጥር ነው። ይህም ያለ ጥርጥር የመሬትን ዋጋ የሚቀንስ ሕግ ነው፤ ነገር ግን ገዢው ሲገዛ ገደቡን አውቆ ስለከፈለ የሚጠይቀው ካሳ የለም። የኦሪገን አዛውንቶች ጉዳይ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ እነርሱ የገዙት ገደቡ ሳይኖር ነበርና። በአንጻሩ ገደቡን አውቆ በርካሽ የገዛ ሰው ወይም ኩባንያ በእነርሱ ጥላ ሥር ቆሞ ካሳ የመጠየቅ የሞራል መሠረት የለውም።

ችግሩ ይህ ልዩነት በሥራ ላይ ሲውል አንድ አጥር የሚጋሩ ሁለት ማሳዎች በተገዙበት ቀን ምክንያት በሁለት ሕግ መተዳደራቸው ነው። አንድ የአውራጃ ዳኛ ይህን አድልዎ ብለው ሜዠር 37ን ቢሽሩትም፣ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 መልሶ አጸናው። መራጩ ሕዝብ ግን፣ በርካታ ጥያቄዎች ሰፋፊ የመኖሪያ ሰፈር ለመሥራት የቀረቡ መሆናቸውን ካየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ሜዠር 49 በተባለ ሕግ አብዛኛውን ለወጠው። በአዲሱ ሕግ ቀደም ሲል ጥያቄ ያቀረቡ ባለቤቶች እስከ ሦስት ቤት፣ የዋጋ ኪሳራቸውን በንብረት ዋጋ ግመታ ካስረዱ ደግሞ እስከ አሥር ቤት እንዲሠሩ ሲፈቀድ፣ የንግድና የኢንዱስትሪ ግንባታ ጥያቄዎች ተዘጉ። ሦስት የሚለው ቁጥር ከየትኛውም የፍልስፍና ቀመር አልወጣም፤ ሆኖም ከቀድሞው ስሌት የተሻለ ይመስላል፤ ምክንያቱም የሚለካው ገበያው ዛሬ ሊሰጥ የሚችለውን ትርፍ ሳይሆን፣ አንድ ገበሬ መሬቱን ሲገዛ ለልጆቹ ቤት መሥሪያ ይሆናል ብሎ በቅን ልብ ሊጠብቅ ይችል የነበረውን ነው።